ከጀልዴሳ አሸዋ እስከ ቤትዎ ጓዳ

በቤትዎ ጓዳ ውስጥ፣ ከሌማቱ ጀርባ ወይም ከአልጋው ሥር፣ አፏ የተሸረፈ ጀበና ወይም ከሁለት የተከፈለ ምጣድ ሳይኖር አይቀርም። ሊጥሉት አስበው ሳያስችልዎት ቀርቶ ይሆናል። ቆራሌው በደጃፍዎ ቢጮህ ብረትና ጠርሙስ እንጂ ገል አይወስድልዎትም፤ ልዋጩም ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳህን ይሰጥዎታል እንጂ የተሰበረ ሸክላ ዞር ብሎ አያይም። ታዲያ ሸክላን ከቁልፍ፣ ከቆርኪ፣ ከሽቦና ከመሳሰለው የወዳደቀ ዕቃ ጋር አጣምሮ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት ምን ያህል ደስ የሚያሰኝ፣ ለልጆችም ትምህርት የሚሰጥ ሥራ መሆኑን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናጫውትዎ አስበናል። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ግን ወደ ጀልዴሳ ይዘንዎት እንሄዳለን። ሸክላ ከሌላው ዕቃ ጋር እንዴት እንደሚገናኝና እንዴት እንደሚጣላ ለማሳየት ከዚያች ሥፍራ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራልና።

ጀልዴሳ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል፣ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የቆላ ሥፍራ ናት። ከድሬዳዋ ሲነሡ ማልደው ቢነሡ ይሻላል፤ ድሬዳዋ ራሷ ሞቃት ሆና ሳለ ጀልዴሳ ደግሞ ከእርሷ ዝቅ ትላለችና። የሚጠጣ ውሃ ሳይዙ አይውጡ፤ ልጅ ካስከተሉም ራሱን የሚሸፍንበት ነገር ያስይዙት። ከከተማው በስተደቡብ የሚታየውን የሐረርጌን ደጋ ከኋላዎ ትተው ሲወርዱ አገሩ እየተገላለጠ ይሄዳል፤ እሾሃማው ግራር ያጥራል፤ ፍየልና ግመል ይበዛል። ነዋሪው ሶማሌና ኦሮሞ ነው። በበጋ ወንዝ ብለው ሲያሳዩዎት የሚያዩት አሸዋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ከበላይዎ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣልና አሸዋው ላይ አንጥፎ ምሳ መብላት ደግ አይደለም። የድሬዳዋ ሰው ይህን ከደቻቱ ወንዝ ተምሮታል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

ዛሬ ጀልዴሳን የሚያያት ሰው በአንድ ወቅት ስሟ ባሕር ማዶ የሚታወቅ የንግድ በር እንደነበረች ቢነግሩት አያምንም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ግብጻውያን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው በቆዩበት ጊዜ ጀልዴሳ ላይ ወታደር አስፍረው ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ከዘይላ ጀምሮ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ ነበር፤ መሥመሩ ይኸው የጀልዴሳ መሥመር ነው። ወደ ባሕር የሚወርደው ጭነት ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነበር። ወደ ደጋ የሚወጣው ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃና ብረታ ብረት ነበር።

አሁን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ከዘይላ የመጣው ግመል አብዛኛውን ጊዜ ከጀልዴሳ አያልፍም ነበር። ግመል የሜዳና የአሸዋ እንስሳ ነው፤ ጠመዝማዛውን የሐረር ዳገት መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ግመሉ ጀልዴሳ ላይ ይበረከካል፣ ጭነቱ ይወርዳል፣ ተከፋፍሎም በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ከላይ የመጣውም እንደዚሁ በተራው ከአህያ ወርዶ ግመል ላይ ይወጣል። ጀልዴሳን ጀልዴሳ ያሰኛት ይኸው የጭነት መለዋወጥ ነበር።

እርስዎ እናት ነዎትና ይህን ነገር በጓዳ ዕቃ በኩል እንየው። ቤቷን በየወቅቱ አፍርሳ ግመል ላይ የምትጭን የአርብቶ አደር እናት እንስራና ጋን ምን ያደርግላታል? የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሳያልቅ ገል ይሆንባታል። ስለዚህ ወተቷን የምታኖረው ከሥራሥርና ከዛፍ ልጥ ተፈትሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ በተሠራ፣ በጭስም በታጠነ ዕቃ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ቢወድቅ አይሰበርም። የቤቷም ግድግዳ ምንጣፍ ነው። በደጋ የተቀመጠችው እናት ደግሞ ጓዳዋ በሸክላ የተሞላ ነው፤ እንስራው፣ ማድጋው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ። እንግዲህ የማይሰበረውን ዕቃ የያዘችው እናትና የሚሰበረውን የያዘችው እናት ጭነት ከሚለዋወጥበት እንደ ጀልዴሳ ካለ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በሁለቱም ዘንድ የምትወደድ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ የዕጣን ማጨሻ። ሶማሌዎች ዳብቃድ ይሏታል፤ ከሸክላ ወይም ከለስላሳ ነጭ ድንጋይ ትሠራለች። ትንሽ ስለሆነች በጨርቅ ተጠቅልላ ግመሉን ትሳፈራለች። ዛሬም ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቢሄዱ የዕጣኑ ሽታ ራሱ ወደ ሻጮቹ ይመራዎታል።

ሲራራ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ዕቃ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ዶቃ ይፈስሳል። በእንዲህ ያለው አገር ሲዘዋወሩ ዓይንዎ መሬት መሬቱን ማየቱ አይቀርም፤ ልጅዎም ጎንበስ ብሎ አንድ ስባሪ ያነሣ ይሆናል። ‹‹እማዬ፣ ይህን ለሥራችን እንውሰደው?›› ቢልዎት ምን ይመልሱለታል?

መልሱን ለማግኘት ከጀልዴሳ ትንሽ ፈቀቅ ብለን ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ሐርላ እንሂድ። የሐርላ ገበሬዎች እርሻ ሲያርሱ ትልልቅ ጥርብ ድንጋይ፣ የውጭ አገር ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ያገኙ ነበር። ድንጋዮቹ እጅግ ትልልቅ በመሆናቸው የጥንት ነዋሪዎች ግዙፋን ሰዎች ነበሩ የሚል አፈ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ቆፍረው ሲያጠኑ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የግብጽ ሳንቲም፣ ዛጎል፣ የብርጭቆና የድንጋይ ዶቃ፣ እንዲሁም ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ አገኙ። ብር፣ ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና የብርጭቆ ዶቃ አገናኝተው ጌጥ የሚሠሩ አንጥረኞች የሠሩበት ቦታም ተገኝቷል። ከሩቅ አገር የመጣን ነገር ከቅርብ ከተገኘ ነገር ጋር አጣምሮ መሥራት ለዚህ አካባቢ የትናንት ወሬ አለመሆኑን ከዚህ ይረዱታል።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ስባሪዎቹ በወደቁበት ቦታ ስለቆዩ ነው። አንድ ገል ከየትኛው የአፈር ድርብርብ እንደወጣ፣ ከጎኑም ዶቃ ይኑር ዐመድ ሲታወቅ ይናገራል። ከቦታው አንሥተው ኪስዎ ውስጥ ሲከቱት ግን ዲዳ ይሆናል። ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው በአጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ለልጅዎ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። የጓዳችን ገል የእኛ ነው፤ እንደፈለግን እናደርገዋለን። የመሬቱ ገል ግን በቦታው ይቆያል። ልጁ አንሥቶ ከነበረ በዚያው በነበረበት ይመልሰው፤ ለቀበሌው ወይም ለባህል ቢሮው ይንገሩ። ስብርባሪ ለቅሞ ቤቱን የሚያስጌጥ የከተማ ሰው ያጋጥመናል። ደግ ሥራ አይመስለንም፤ ድህነቱን ለማስታገስ ከሚሸጠው ይልቅ ለጌጥ ብሎ የሚለቅመው ይበልጥ ያስወቅሰዋል።

ወደ ጀልዴሳ እንመለስ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቡናውም ቆዳውም በሐዲድ ሄደ፤ ጀልዴሳ ላይ የሚበረከክ ግመል ቀነሰ። ድሬዳዋ በባቡሩ ዙሪያ ስታድግ ጀልዴሳ ዝም አለች። ባቡሩ ይዞት የመጣው ብረት ደግሞ በበኩሉ አዲስ ዓይነት የወዳደቀ ዕቃ አስከተለ፤ ብሎን፣ ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል። ቀጥሎም ጣሳው፣ ከጣሳው በኋላ ፕላስቲክ ጀሪካኑ መጣና እንስራን ከሴቶች ጀርባ ላይ አወረደው። እንስራው ተመልሶ ይምጣ የሚል ሰው ሞልቶ ውሃ የተሸከመ አይመስለንም። ነገር ግን እንስራ የምትሠራው ሴት ገበያዋን አጥታለች፤ ይህንንም አብሮ ማሰብ ይገባል።

የሸክላ ሠሪዋ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ ሁለት ቃል እንበል። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢያን የቀጨኔን ሸክላ ሠሪ እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። በአገራችን ብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪ በድስቷ ይበላል፣ በጀበናዋ ይጠጣል፣ እርሷ ግን ቡዳ ትባላለች፤ ልጇን የሚያገባ ጠፍቶ ኖሯል። የነቀምቱ ተወላጅ አቶ ማሞ ተሰማ አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ጥበብ አጥንተው ሲመለሱ አርቲስት ተብለው ተከብረዋል፤ የብሔራዊ ሙዚየምም ኃላፊ ሆነዋል። ክብሩ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ያው ጭቃ በወንድ እጅ ከውጭ አገር ትምህርት ጋር ሲመጣ ጥበብ፣ በሴት እጅ ከእናቷ ሲወረስ ስድብ መሆኑ ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለባልዎም ያቅርቡለት።

የሸክላና የወዳደቀ ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ ከውጭ የመጣ አዲስ ፋሽን የሚመስለው ካለ ቀና ብሎ የሣር ቤት ጣሪያ ይመልከት። ጫፉ ላይ ዝናብ እንዳያስገባ የተደፋው የሸክላ ጉልላት ብዙ ጊዜ ያገለገለ፣ ቂጡ የተሰበረ ማሰሮ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ደግሞ የሰጎን እንቁላል በመስቀሉ ክንዶች ላይ ተሰክቶ ያያሉ። ሸክላው ከእጅ ሥራ፣ እንቁላሉ ከበረሃ፣ ብረቱ ከቀጥቃጭ መጥተው አንድ ላይ ቆሙ። ይህን የሠሩት አበው ቅርጻ ቅርጽ ሠራን አላሉም፤ ዓይን ያለው ግን ያየዋል።

ወደ ደጃፍዎም ይውረዱ። ልጅዎ ዕቃቃ ስትጫወት አይተዋት ያውቃሉ? ጭቃውን ድስት ታደርገዋለች፣ ቆርኪው ሳህን ይሆናል፣ የሲኒ ስባሪው እንግዳ ይቀርብበታል፣ የጥጥ ፍሬው ደግሞ ወጥ ነው። ወንድሟ ከሰርዲን ጣሳና ከአራት ቆርኪ መኪና ቢሠራ ‹‹ይህ ልጅ መሐንዲስ ይሆናል›› ተብሎ ለጎረቤት ይታያል። የእርሷ ዕቃቃ ግን ማታ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይጣላል፤ ልብሷን ስላቆሸሸችም ትቆጣለች። ሁለቱም የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ብንጠየቅ የልጅቷ ይበልጣል እንላለን፤ ከወዳደቀው ዕቃ ሌላ ጭቃውንም ራሷ አሽታለችና።

በዚህ መንገድ ሄደው በዓለም የታወቁ ሰዎች አሉ። አርቲስት ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሸጠው ቁልፍ፣ ቆርኪና የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግዙፍ ሥራዎችን ይሠራል። እርሱና ወይዘሮ መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተሠርቶ በእጅ የተቀረጸ ነው፤ ልጆችዎን ይዘው ቢሄዱ አይቆጩም። ዞማ ቀደም ሲል ከላይ ባነሣናት በሐርላም ለአርቲስቶች የሥራ ቦታ ነበረው። በጋና ተወልዶ በናይጄሪያ ያስተማረው ኤል አናትሱይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ዛሬ የሚታወቀው የጠርሙስ ክዳን በሽቦ አያይዞ እንደ ጋቢ በሚያነጥፈው ሥራ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተሰባበረ ማሰሮም ሠርቷል። በሕንድ አገር ቻንዲጋር ከተማ ኔክ ቻንድ የተባለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ከሥራ ሰዓት ውጪ በድብቅ የለቀመውን የሳህን፣ የሲኒና የአምባር ስባሪ ሰውና እንስሳ እያደረገ ሠራበት፤ አትክልት ቦታው እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነበር፤ ጊዜ የለኝም ለምንል ሁሉ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የምንሠራው የጀልዴሳን ግመል ነው፤ ጭነት ሊጫንባት የተበረከከች ግመል። የቆመች ግመል መሥራት ለጀማሪ አይሆንም፤ አራቱ ቀጫጭን እግሮች ሳይደርቁ ይሰበራሉ። የተበረከከችዋ ግን መሬት ይዛ ስለምትቀመጥ አታስቸግርም።

በመጀመሪያ አፈሩ። ከሸክላ ሠሪ ቢገዙ ይሻላል፤ የት ቆፍራ እንደምታወጣው የምታውቀው እርሷ ናትና። ራሳችን እናውጣ ካሉ አፈሩን በውሃ አርሰው ጣት በሚያህል ያድቦልቡሉትና በጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት፤ ከተሰነጣጠቀ አሸዋ በዝቶበታል። በድሬዳዋ አካባቢ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአፈሩ ውስጥ ነጫጭ ጠጠር ካለ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነውና አንድ በአንድ ይልቀሙት። ኖራ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ከወጣ በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ከቀናት በኋላ ደህና የነበረው ሸክላ በራሱ ጊዜ ይፈነቀላል። ዛጎልም ጠባዩ ይኸው ስለሆነ ጭቃው ውስጥ አይክተቱት።

ከዚህ ቀጥሎ ያ ከአልጋ ሥር ያኖሩት የተሰበረ ምጣድ ወይም ጀበና ሥራ ያገኛል። በጨርቅ ጠቅልለው በድንጋይ ይውቀጡት፤ የበርበሬ ሙቀጫዎን አያበላሹ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለምና ውሃ ረጨት ያድርጉበት፤ ልጆችንም በዚህን ጊዜ ያርቁ። ቅንጬ ሲያክል ይበቃል። ከአራት ወይም ከአምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል ይቀላቅሉ። አንድ ጊዜ እሳት ያየው ገል ዳግመኛ ስለማይሸማቀቅ አዲሱን ጭቃ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ እሳቱንም እንዲችል ያደርገዋል። የእናትዎ ጀበና በልጅዎ ግመል ሥጋ ውስጥ ገባች ማለት ነው። የፋብሪካ ሲኒና ሳህን ግን አይውቀጡ፤ ስባሪው እንደ ብርጭቆ ይቆርጣል።

ጭቃውን እንደ ሊጥ አድርገው በደንብ ያሹት፤ በውስጡ አየር እንዳይቀር። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩት። በነጋው ሁለት ጭብጥ በሚያህል ጭቃ የግመሏን አካል ያበጁ፤ ሻኛዋን ከፍ ያድርጉ፣ አንገቷን ወፈር ያድርጉ፣ እግሮቿን ከሆዷ ሥር አጥፈው ያጣብቁ። ሲያጣብቁ ሁለቱንም ወገን በሹካ ጫር ጫር አድርገው ቀጠን ያለ ጭቃ ይቀቡት፤ እንዲያው ከተጫነ ሲደርቅ ይወልቃል። ጠንከር ሲል ገልብጠው ሆዷን በማንኪያ ይቦርቡሩ፤ ግድግዳዋ ከትንሽ ጣት ውፍረት እንዳይበልጥ። ድፍን የሆነ ጭቃ እሳት ውስጥ ሲገባ በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል፤ ከጎኑ ያለውንም የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ላይ ደረስን። ልጅዎ ቁልፉንና ቆርኪውን ወዲያውኑ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ልሰካ ትልዎታለች። እሺ አይበሏት። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ያህል ይሸማቀቃል፤ ብረቱና ድንጋዩ ግን አይሸማቀቅም። ስለዚህ ጭቃው ብረቱን ጨምቆ ይዞ በመጨረሻ ራሱ ይሰነጠቃል። እሳቱም አለ። በማገዶና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የብርጭቆ ዶቃም ለስልሶ ይወርዳል፣ ፕላስቲክ ደግሞ ነዶ መርዛም ጭስ ይሆናል። በጭቃው ጊዜ የሚደረገው ቀዳዳ መተው ብቻ ነው። በስንደዶ ወይም በክብሪት እንጨት በሻኛዋ ግራና ቀኝ፣ በአንገቷና በጅራቷ ሥር ይብሱ፤ ሲሸማቀቅ እንዳይጠብ ቀዳዳውን ካሰቡት ሰፋ ያድርጉት። ጀልዴሳ ላይ ግመሉ ከበረሃው ሐሩር እንደወጣ ጭነቱ እንደሚለወጥ ሁሉ የዚህችም ግመል ጭነት ከእሳት በኋላ ነው።

ማድረቂያው ጥላ ይሁን፤ በተለይ በቆላ ከተማ ፀሐይ ላይ ማውጣት ሥራውን በአንድ ቀን ያበላሻል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ከዚያ ይግለጡት። ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥብ ነው።

እሳቱን በኪራይ ቤትዎ ግቢ ልሞክር አይበሉ። ሸክላ ሠሪዋ ጋ ወስደው ከእርሷ ዕቃ ጋር እንድታስገባልዎ ይጠይቋት፤ የሚገባትንም ዋጋ ይክፈሏት፤ ሳይከራከሩ። ማገዶው ውድ ነው፤ ዕውቀቷም ዋጋ አለው። ልጅዎን ይዘው ከሄዱ ትልቋን ሴት ‹‹እማማ›› ብላ ሰላም ትበል፤ እሳቱ ሲነድና ዕቃው ሲደረደርም ትይ። ሸክላ ሠሪ በቅርብ ከሌለ ጭቃውን ከደቀቀ ጭድ ጋር አሽተው፣ ጥቂት ቀን አቡክተው ሳይተኮስ መሥራት ይቻላል፤ የዞማ ግድግዳ እንዲያ ነው። ውሃ እንዳይነካው ብቻ ከቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ከእሳት የወጣችውን ግመል በደንብ ከበረደች በኋላ ለልጅዎ ይስጧትና እስከዚያ ድረስ በጣሳ ያጠራቀመችውን ዕቃ ታምጣ። የተቀደደ የስፌት ቁራጭ ኮርቻ ይሆናል። የጠፋ ቁልፍ መክፈቻ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ የተበጠሰ ዶቃ፣ የሲኒ ጆሮ፣ የገመድ ቁራጭ፣ ሁሉም ጭነት ነው። የቆርኪውንና የጣሳውን ስለት በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፈው ይስጧት። ባትሪ ድንጋይ፣ የራዲዮና የስልክ ሆድ ዕቃ፣ መርፌና የመድኃኒት ቢልቃጥ ግን አይነካም፤ በውስጣቸው እርሳስና ሌላም መርዝ ሊኖር ይችላልና። ሽቦውን በቀዳዳዎቹ አሳልፈው ያስሩ፤ ከሥሩ የቆዳ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ያድርጉበት፤ ሽቦ በቀጥታ ሸክላ ላይ ሲጠብቅ ሸክላው ይሰነጠቃል። ምን የት እንደሚጫን ልጅቷ ትወስን፤ እርስዎ ሽቦውን ብቻ ያጥብቁላት።

በመጨረሻም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጣትዎ ገፋ ያድርጓት። ወደ አንድ ወገን ካጋደለች ጭነቱ አልተመጣጠነም። የከበደውን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ አሁንም ካጋደለች አንዱን ያውርዱና ለሚቀጥለው ግመል ጣሳው ውስጥ ይመልሱት።